ወራጅ አለ

ከወረዳው መጣ አንድ ገጽ ወረቀት፣
«የመንደሩ ቅርሶች» የሚል ርዕስ ያለበት።
ስም፣ ዘመን፣ ልኬት ብሎ ካሰመረው
አንዲት ጠባብ ዓምድ ጥግ ላይ አስቀረው፦
«አሁን ያለበት ሁኔታ»።

እስክሪብቶ ሰክቼ በኮቴ ደረት ላይ
ተሳፈርኩ ሚኒባስ፣ ቅርሴን ሄጄ ላይ።

ለገ ቂልጡ ማለት፣ ላልሰማው ሲፈታ፣
የዋርካ ወንዝ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ
ወንዙ ቱቦ ገባ፣ ዋርካው ሆነ ፍልጥ፣
ስሙ ብቻ ቀረ፣ በካሬ ሳይሸጥ።

«አሥራ ዘጠኝ ወራጅ!» ወያላው ጮኸ።
ከምን አሥራ ዘጠኝ? እሱ አልጠየቀም።
ጣሊያን መንገድ ሲሰፍር የተከለው ድንጋይ ነበር፣
አናቱ ክብ፣ ወገቡ ኖራ የተቀባ።
ሰፋሪው ሄደ፣ ድንጋዩ ተቀመጠ፤
ዶዘር የመጣ ሌሊት እማማ ዲንቄ
ከነልጆቻቸው አንከባልለው ግቢ አስገቡት፣
ልብስ ማጠቢያ ሆነ።
አንዱ በሳሙና አልቆ ዘጠኙ ብቻ ይነበባል።
ሜትሬን ዘርግቼ ስለካው ቆመው አዩኝና
«ቅርስ ከሆነማ ደግ፤ ብቻ ማክሰኞ አትምጡ፣
ማክሰኞ የሰው ልብስ አለብኝ» አሉ።

ቀጥሎ «አጎበር!»
ተሜው ሁሉ የሚያውቀው፣ ጤና ጥበቃ
አጎበር ያደለበት ሰፈር ነው ብሎ ነው።
ወባ በዚህ ብርድ? መች ደፍራ ወጥታ!
ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ነበር እንጂ፣
የወፍጮ ሞተር ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ
በስምንት በሬ አስጎትቶ ያመጣ፣
ሁለቱ በሬዎች ጭቃው ውስጥ የቀሩበት፣
ዕዳቸውን በዱቄት ሰባት ዓመት የከፈለ።
እናትና አባቴ የተያዩት እዚያ ወረፋ ላይ ነው፣
ቅንድባቸው ነጭ፣ ጸጉራቸው ነጭ፣
ገና በሃያ ዓመት እርጅናቸውን አስቀድመው አይተው፣
አይተውም ሳይሸሹ።
ከዚያ ወፍጮው ተወረሰ፣ ቀበቶው ተበጠሰ፣
መለዋወጫ ይመጣል ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤
ኮሚቴው እስካሁን አልፈረሰም መሰለኝ።
ሃጎፕ አጎፕ ሆነ፣ አጎፕም አጎበር፤
ሰውየው ቢሰማ ምን ይል ይሆን ነበር?
ስሙን አስረዝመው፣ መቃብሩን አጥተው
በየቀኑ ይጠሩታል ሁለት ብር ጨምረው።

ድልድዩ ጋ ማንም አልወረደም።
ሦስት ቅስት፣ ከሥሩ ፌስታልና ሁለት ፍየል።
ግንበኛው ጉርሜሳ ዋጋውን ሲጠይቅ
«ውሃው እስካለ ስምህ አለ» ብለውት፣
ብሩን ሳይሰጡት ቀሩ ይባላል።
ነሐሴ ላይ ግን፣ አንዳንድ ሌሊት፣
ወንዙ ቱቦውን ጥሶ ይመጣል፤
በሦስቱም በር ገብቶ
የድሮ ቤቱን ሲያንኳኳ እንሰማለን።
ጠዋት ጭቃ እንጠርጋለን፤ ማዘጋጃ ቤቱን እንራገማለን።

ዋርካው ለስድስት ሰው እቅፍ አይበቃም ነበር።
የድንበር ጠብ፣ የፍቺ ክስ፣ የጠፋች ጊደር
እሱ ሥር አልቋል፤ ያላለቀውም እሱ ሥር አድሯል።
አስፋልቱ ሲመጣ በሁለት ቀን ወደቀ።
ሽማግሎቹ ግን ዛሬም ይመጣሉ፣
እነ ኦቦ ዲሪባ፣ እነ ቱሉ ገለታ፣
ጠዋት ከምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት ከምሥራቅ፣
ጥላው ይዞር በነበረበት በኩል በርጩማቸውን ይዘው ይዞራሉ።
ፀሐዩ አናታቸውን ይጠብሰዋል።
«ምነው እዚህ?» ብላቸው
«ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

ቅጹን አወጣሁት። ስም፣ ጻፍኩ። ዘመን፣ ገመትኩ።
ልኬቱን ለመሬቱ ሰዎች ተውኩት።
ጠባቧ ዓምድ ላይ ስደርስ «የለም» ልል ነበር፤
እጄ እምቢ አለኝ።
«አለ» ልበል? የት ብለው ቢመጡስ?

በመልሱ መኪና መሸብኝ፣ ጨለማ ነው፣
መብራት ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተኗል።
«ዋርካው ጋ ወራጅ አለ!» አልኩ።
ሹፌሩ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ዛፉን ያላየ፣
የቱ ጋ ሳይለኝ
ልክ እዚያው ላይ ፍሬን ያዘ።
ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ፣
እኔም ከኋላዋ
እግራችንን ከፍ አድርገን
ሥሩን ተሻግረን ወረድን።